የቴክኖ ባለቤት ማን ነው? ስለ ዲትሮይት፣ ስለ ዘርና ስለ አድናቂ ፍቅር

ቴክኖ የሚባለው ሙዚቃ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ጀርመን ነው። በርሊን፣ ጨለማ አዳራሽ፣ እስከ ማግስቱ ቀትር የማይቆም የማሽን ከበሮና የሚጨፍሩ ነጭ ወጣቶች ይታዩታል። ሥዕሉ ሐሰት ባይሆንም ግማሽ ነው። ቴክኖን የፈጠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች ሲሆኑ፣ የተፈጠረውም በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሚሺጋን ግዛት፣ በዲትሮይትና በአካባቢዋ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሙዚቃው ጽኑ አድናቂዎች ይህን ታሪክ በሚገባ ያውቁታል። የሚጨቃጨቁት ታሪኩ ምን ያስከትላል በሚለው ላይ ነው። አንዱ ወገን ሙዚቃ ቀለም የለውም፣ ፖለቲካው ከጭፈራው አዳራሽ ውጭ ይቆይ ባይ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ከፈጣሪዎቹ ታሪክ የተነጠለ ፍቅር ከዝርፊያ አይለይም ሲል ይመልሳል። ክርክሩ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አሁንም አልበረደም። ሕግ ያጠናሁ ሰው በመሆኔ እኔን የሳበኝ ከጭቅጭቁ በስተጀርባ ያለው የቆየ ጥያቄ ነው፤ ሰው የወደደው ነገር የማን ነው? መውደድስ መብት ይሰጣል ወይ?

በሕግ የተከፈለች ከተማ

ዲትሮይት የአሜሪካ የመኪና ኢንዱስትሪ መዲና ናት። ከደቡብ ግዛቶች ጭቆናና ድህነት የሸሹ ጥቁሮች በመቶ ሺዎች እየሆኑ ወደ እርሷ የፈለሱት የፎርድን፣ የጄኔራል ሞተርስንና የክራይስለርን ደመወዝ ተስፋ አድርገው ነበር። በ1950 የሕዝቧ ቁጥር 1.85 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር። በ2020 በተደረገው ቆጠራ የተገኘው ግን 640 ሺሕ ያህል ብቻ ነው። ከተማዋ በ2013 የኪሳራ ማመልከቻ ለፍርድ ቤት ስታቀርብ በአሜሪካ የከተሞች ታሪክ ትልቁ ኪሳራ ሆኖ ተመዝግቧል።

የውድቀቱ ምክንያት የመኪና ገበያ መቀዝቀዝ ብቻ አልነበረም። ነጮች ወደ ዳርቻዎቹ መንደሮች ሲሸሹ ፋብሪካዎችም፣ የግብር ገቢውም አብረዋቸው ሄዱ። በ1941 አንድ የቤት አልሚ ለሚሠራቸው የነጮች ቤቶች የመንግሥት የብድር ዋስትና ለማግኘት ሲል የጥቁሮችን ሰፈር የሚለይ ግንብ አቁሟል። ኤይት ማይል ከተባለው አውራ ጎዳና አጠገብ የሚገኘው ይህ የበርውድ ግንብ ዛሬም አልፈረሰም። በሐምሌ 1967 ፖሊስ አንድ የመጠጥ ቤት በመውረሩ የተቀሰቀሰው አመፅ የ43 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፎ የነጮቹን ሽሽት አፋጠነው። በ1973 ኮልማን ያንግ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሆኖ ሲመረጥ የተረከበው እየተራቆተ የነበረ ከተማ ነው።

የሕግ ሰዎች ዲትሮይትን የሚያውቋት በአንድ ውሳኔ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በትምህርት ቤት ውስጥ የዘር ልዩነትን ሕገ ወጥ አድርጎ ነበር። በዲትሮይት ግን ነጮቹ ከተማዋን ለቀው ስለወጡ በከተማዋ ክልል ውስጥ ብቻ ተማሪዎችን ማደባለቅ ትርጉም አልነበረውም። ስለዚህ የሥር ፍርድ ቤት 53 የዳርቻ የትምህርት ወረዳዎችን የሚጨምር ዕቅድ አዘዘ። ሚሊከን በብራድሊ ላይ በሚባለው የ1974 ፍርድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ዕቅድ በ5 ለ4 ድምፅ ሻረው። የዳርቻዎቹ ወረዳዎች ራሳቸው ጥፋት መሥራታቸው ካልተረጋገጠ በመፍትሔው ሊገደዱ አይችሉም ተባለ። በልዩነት ድምፅ ከቆሙት ዳኞች አንዱ በ1954ቱ ክርክር የጥቁሮቹ ጠበቃ የነበረው ተርጉድ ማርሻል ነበር። ከዚያ ወዲያ የከተማና የዳርቻ ወሰን የዘር ወሰን ሆኖ ጸና። ቴክኖን የፈጠሩት ልጆች ያኔ አሥራዎቹን ዕድሜ በመጀመር ላይ ነበሩ።

ሦስቱ የቤልቪል ልጆች

ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይ እና ኬቨን ሳንደርሰን የተገናኙት ከዲትሮይት በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በቤልቪል ነው። ነጮች በሚበዙበት ትምህርት ቤት ከነበሩት ጥቂት ጥቁር ተማሪዎች መካከል ነበሩ። ሌሊት ሌሊት የሚያዳምጡት ሬዲዮ ነበር። ኤሌክትሪፋይንግ ሞጆ በሚል ስም የሚታወቀውና ፊቱን ለሕዝብ ማሳየት የማይወደው ጥቁር የሬዲዮ አዘጋጅ የጆርጅ ክሊንተንን ፋንክ፣ የፕሪንስን ዘፈኖችና የጀርመኖቹን የክራፍትቨርክን የማሽን ሙዚቃ ያለ አጥር አከታትሎ ያጫውት ነበር። ጣቢያዎች በዘር ተከፋፍለው በሚያጫውቱበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የመደብ ጉዳይም መዘንጋት የለበትም። በዚያን ጊዜ በዲትሮይት በሠራተኛ ማኅበር ጥበቃ ጥሩ ደመወዝ የሚያገኙ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች፣ የአውሮፓ ልብስ የሚያማርጡ ጥቁር ወጣቶች፣ የየራሳቸውን የጭፈራ ማኅበር አቋቁመው የጣሊያን ዲስኮ ይጨፍሩ ነበር። ቴክኖ ከመከራ ብቻ የተወለደ አድርገው የሚተርኩ ጸሐፊዎች ይህን ክፍል ይዘሉታል። ለጥቁር ሰው ኪነ ጥበብ ምንጩ ሁልጊዜ ሥቃይ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ራሱ አንድ ዓይነት ንቀት ነው።

አትኪንስ ከቬትናም ጦርነት ተመላሹ ከሪክ ዴቪስ ጋር ሳይቦትሮን የተባለውን ቡድን መሥርቶ በ1981 የመጀመሪያውን ሸክላ አወጣ። በ1985 ሜትሮፕሌክስ የተባለ የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ፤ ሜይ ትራንስማትን፣ ሳንደርሰን ኬኤምኤስን አከታትለው መሠረቱ። እዚህ ላይ ለሕግ አስተዋይ የሚታየው ነገር አለ። ሞታውንን የመሠረተው ቤሪ ጎርዲ በ1972 ድርጅቱን ወደ ሎስ አንጀለስ ሲያዛውር ዲትሮይት ትልቁን የሙዚቃ ተቋሟን አጥታለች። እነዚህ ልጆች አሳታሚ እስኪመጣላቸው አልጠበቁም፤ ጌቶቻቸው ራሳቸው ሆኑ።

መሣሪያዎቹም ርካሽ ነበሩ። የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ በ1980 ያወጣው ቲአር-808 የከበሮ ማሽን የእውነተኛ ከበሮ ድምፅ ስለማይሰጥ ገበያ አጥቶ ምርቱ በ1983 ቆመ። ያገለገሉ ማሽኖች በርካሽ ሲሸጡ የገዟቸው ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች ናቸው። የከበሮ አስመሳይ ሆኖ የወደቀው ዕቃ በእነርሱ እጅ ራሱን የቻለ አዲስ ድምፅ ሆነ። ስሙም ቢሆን ከጀርመን አልመጣም፤ አትኪንስ ያገኘው አልቪን ቶፍለር በ1980 ካሳተመው ስለ መጪው የመረጃ ዘመን ከሚተነብየው መጽሐፍ ነው። አባቶቻቸውን ከሥራ ያፈናቀለው ሮቦት ልጆቹን የዘመኑ ባለሙያ አደረጋቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ውቅያኖሱን ሲሻገር

በ1988 የብሪታንያው ቨርጂን ኩባንያ ቅርንጫፍ የዲትሮይትን ሥራዎች ሰብስቦ አሳተመ። ስብስቡ መጀመሪያ የታሰበለት ስም ሙዚቃውን የቺካጎው ሃውስ ቅጥያ የሚያስመስል ነበር፤ አትኪንስ ባቀረበው ሥራ ምክንያት ቴክኖ የሚለው ስም ርእሱ ላይ ወጣ። በዚያው ዓመት ሳንደርሰን ከድምፃዊት ፓሪስ ግሬይ ጋር የሠራው የኢነር ሲቲ ዘፈን የብሪታንያ አሥር ምርጦች ውስጥ ገባ። በአሜሪካ ግን ትልልቆቹ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሙዚቃውን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

ለምን? መልሱ ወደ 1979 ይመልሰናል። በዚያ ዓመት ሐምሌ 12 ቀን በቺካጎው ኮሚስኪ ፓርክ ስታዲየም፣ የቺካጎና የዲትሮይት የቤዝቦል ቡድኖች በሚጋጠሙበት ምሽት፣ አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ የዲስኮ ሸክላዎችን በፈንጂ አጋየ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተገኝቶ ነበር፤ ብዙው ነጭ ወጣት ነበር። ሁለተኛው ግጥሚያ በተፈጠረው ሁከት ሳይካሄድ ቀርቶ ድሉ ለዲትሮይት ተሰጠ። በዚያ ምሽት አስተናጋጅ ሆኖ ይሠራ የነበረውና በኋላ ከቺካጎ ሃውስ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቪንስ ሎውረንስ፣ ሰዎች ያመጧቸው ሸክላዎች ዲስኮ ብቻ ሳይሆኑ የጥቁሮች ሙዚቃ በአጠቃላይ እንደነበሩ መስክሯል። ዲስኮን መጥላት ብዙ ጊዜ ጥቁሮችንና ግብረ ሰዶማውያንን የመጥላት ሽፋን ነበር። የአሜሪካ የሙዚቃ ኢንዱስትሪ ከጭፈራ ሙዚቃ የሸሸው ከዚያ ወዲህ ነው።

በርሊን ግን በሯ ክፍት ነበር። በኅዳር 1989 ግንቡ ሲፈርስ የምሥራቁ ክፍል ባለቤታቸው በማይታወቅ ባዶ ሕንፃዎች ተሞልቶ ነበር። በመጋቢት 1991 ዲሚትሪ ሄገማንና ጓደኞቹ ትሬዞር የተባለውን የጭፈራ ቤት ከመሬት በታች ባለ የገንዘብ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ከፈቱ። ቦታው ናዚዎች ከአይሁዳውያን ባለቤቶቹ የነጠቁት የቬርትሃይም መደብር ነበር። የትሬዞር አሳታሚ ድርጅት የመጀመሪያ ሸክላ የዲትሮይቶቹ የአንደርግራውንድ ሬዚስታንስ ሥራ ነው። ግንብ የከፈላቸው ሁለት ከተሞች በዚህ ሙዚቃ ተገናኙ። ይህ እውነተኛ ወዳጅነት ነበር፤ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም።

ሆኖም ወዳጅነቱ እኩል ገቢ አላመጣም። በ1990 ከዲትሮይት ወንዝ ማዶ፣ በካናዳዋ ዊንዘር ያደገው ሪቺ ሆውቲንና ባልደረባው ጆን አኳቪቫ ፕላስ ኤይት የተባለ አሳታሚ መሥርተው በመጀመሪያ ሸክላቸው ላይ ራሳቸውን የዲትሮይት የወደፊት ድምፅ ብለው አተሙ። የከተማዋ ጥቁር ሙዚቀኞች ተቆጡ። ሆውቲን በኋላ በሥራው የተከበረ ሰው ሆኗል፤ ቁጣው ስለ ችሎታው አልነበረም። የሰፈሩን መከራ ሳይካፈሉ የሰፈሩን ስም ለመውሰድ የቸኮሉ መሰሏቸው ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባል የለ?

ጭምብልና ባሕር

የቴክኖ ፖለቲካ ግልጽ ሆኖ የወጣው በአንደርግራውንድ ሬዚስታንስ ነው። ማይክ ባንክስና ጄፍ ሚልስ የመሠረቱት ይህ ስብስብ ስሙ ራሱ የኅቡዕ ተቃውሞ ማለት ነው። አባላቱ በመድረክ ላይ ፊታቸውን በጥቁር ጭምብል ሸፈኑ። ለትልልቅ ኩባንያዎች አንፈርምም አሉ። ኢንዱስትሪው ጥቁር ሙዚቀኛን በመልኩ መሸጥ ስለለመደ እነርሱ መልካቸውን ነፈጉት። ፊት ከሌለ የቀረው ድምፁ ብቻ ነው።

ሌላው ምሳሌ ድሬክሲያ ነው። ጄምስ ስቲንሰንና ጄራልድ ዶናልድ በዚህ ስም ባወጡት የ1997 አልበም ላይ አንድ አፈ ታሪክ አስፍረዋል። አትላንቲክን ሲያቋርጡ ከባሪያ መርከቦች የተወረወሩ ነፍሰ ጡር አፍሪካውያት ልጆች ውኃ ውስጥ መተንፈስን ለምደው በባሕር ሥር አገር መሥርተዋል ይላል። ሕግ ለተማረ ሰው ይህ ተረት ብቻ አይደለም። በ1781 ዞንግ የተባለችው የእንግሊዝ የባሪያ መርከብ ሠራተኞች ከ130 በላይ አፍሪካውያንን ወደ ባሕር ወረወሩ። ባለቤቶቿ የጠፋባቸውን «ጭነት» ዋጋ ከኢንሹራንስ ሰጪዎች ጠየቁ። ጉዳዩ በ1783 ለንደን ውስጥ በሎርድ ማንስፊልድ ፊት ሲቀርብ ክርክሩ የኢንሹራንስ ውል እንጂ የነፍስ ግድያ አልነበረም፤ በግድያ የተከሰሰም የለም። ፍርድ ቤት ሰው ብሎ ያልቆጠራቸውን ሁለት የዲትሮይት ወጣቶች ሕዝብ አድርገው ቆጠሯቸው። ይህን የሰማ አድናቂ ከእንግዲህ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ፖለቲካ የለም ሊል አይችልም። ያውም አብዛኛው ሥራ ግጥም የለውም።

የጃጓሩ ክርክር

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ። በ1999 አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ የአባሉን የዲጄ ሮላንዶን «ናይትስ ኦቭ ዘ ጃጓር» አሳተመ። ሸክላው በአውሮፓ የጭፈራ ቤቶች ተወዳጅ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የሶኒ የጀርመን ቅርንጫፍ ሙዚቃውን ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ ዜማውን በዜማ አስመስሎ እንደገና አስቀረጸ። የዲትሮይቱ ስብስብ ተቃወመ፤ የየአገሩ አድናቂዎችም የኩባንያውን ቢሮ በተቃውሞ ደብዳቤ አጥለቀለቁት። ሶኒ ሥራውን ተወው። ከዚያ ሌላው ግዙፍ ኩባንያ ቢኤምጂ አነሳው። ስብስቡም በ2000 የጃጓር በቀል የሚል ርእስ በሰጠው የራሱ ሸክላ መለሰ።

ኩባንያው እንዴት ደፈረ? ድፍረቱ የመጣው ከሕጉ ነው። በሙዚቃ ሁለት መብቶች አሉ፤ አንዱ በድርሰቱ ላይ፣ ሌላው በቀረጻው ላይ። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ አንድ ድርሰት አንዴ ከታተመ በኋላ ማንም ሰው የተወሰነውን ክፍያ ከፍሎ እንደገና ሊያስቀርጸው ይችላል፤ የደራሲው ይሁንታ አያስፈልግም። በጀርመንም ላልተለወጠ ድርሰት ፈቃዱ በአብዛኛው የሚገኘው በደራሲዎች የጋራ ማኅበር በኩል ነው። የቀረጻ መብት ደግሞ የሚከለክለው ያንኑ ቀረጻ መቅዳትን እንጂ፣ ተመሳሳይ ድምፅ በራስ መሣሪያ አስመስሎ መሥራትን አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ይህን በግልጽ ጽፎታል።

ይህ ደንብ ታሪክ አለው። የግዴታ ፈቃዱ በ1909 የተደነገገው ራሱን በራሱ የሚጫወት ፒያኖ በመጣበት ዘመን አንድ ኩባንያ ገበያውን ጠቅልሎ እንዳይዝ ነበር። ለዜማና ለወረቀት ኖታ ተስማሚ ነው። ቴክኖ ግን ኖታ አይደለም። የቴክኖ ደራሲ የሚደክመው በድምፁ ቀለም፣ በከበሮው አቀማመጥ፣ በማሽኑ ስልት ላይ ነው፤ ሕጉ ደግሞ በትክክል ይህን ክፍል ከጥበቃው ውጭ ትቶታል። ስለዚህ የጃጓሩን ጉዳይ ያስቆመው ፍርድ ቤት አልነበረም። ያስቆመው የአድናቂዎች እፍረት የማስያዝ አቅም ነው።

ሁለት ሰከንድና ጥቂት ሰከንዶች

መብት በወረቀት ላይ ቢኖርም እንኳ ለማስከበር አቅም ይጠይቃል። ሁለት ጉዳዮችን ላነጻጽር። የክራፍትቨርክ አባላት በ1977 ካወጡት «ሜታል አውፍ ሜታል» ላይ የሁለት ሰከንድ ያህል ምት ተወስዶ በ1997 በአንዲት የጀርመን ራፐር ዘፈን ውስጥ ገባ። ክሱ በጀርመን ፍርድ ቤቶች ሁሉ አልፎ በ2016 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱን፣ በ2019 የአውሮፓ ኅብረትን ፍርድ ቤት አከራክሯል። ለሁለት ሰከንድ ከ20 ዓመት በላይ ሙግት ማለት ነው። ክራፍትቨርክ በመብቱ ተጠቀመ፤ ጥፋት ሠራ አልልም።

በሌላ በኩል ዘ ዊንስተንስ የተባለው የዋሽንግተን ቡድን በ1969 ባወጣው «ኤሜን፣ ብራዘር» ውስጥ ግሪጎሪ ኮልማን ለጥቂት ሰከንዶች ብቻውን ከበሮ ይመታል። እነዚያ ሰከንዶች በሺዎች በሚቆጠሩ ሥራዎች ተቀድተዋል፤ ጀንግል የተባለው የብሪታንያ የጭፈራ ሙዚቃ የቆመው በእነርሱ ላይ ነው። ኮልማን በ2006 በድህነት ሞተ። በአሜሪካ የቅጂ መብት ክስ በ3 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ሥራው በሌላ አህጉር እየተቀዳ መሆኑን ያላወቀ ሙዚቀኛ በጊዜው ሊከስ አይችልም። በ2015 የብሪታንያ አድናቂዎች ገንዘብ አዋጥተው 24 ሺሕ ፓውንድ ለቡድኑ መሪ ለሪቻርድ ስፔንሰር ሰጡ። ሕግ ያላስከፈለውን ዕዳ አድናቂ ከኪሱ ከፈለ። ሙሉ ዕዳው ነው ግን የሚል ሰው አይኖርም።

አድናቂው ምን መብት አለው?

ሙዚቃ ቀለም የለውም የሚሉት ወገኖች ክርክር ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም። ትውልዱን ጠይቆ ጆሮ የሚሰጥ ሰው የለም። የዲትሮይቶቹ ልጆች ራሳቸው ከጀርመኖች፣ ከጣሊያኖችና ከጃፓን ማሽኖች ተምረዋል። ኪነ ጥበብ በዘር ርስት የሚያዝ ከሆነ እነርሱም ክራፍትቨርክን ባልነኩ ነበር። ማንም ለጭፈራ ፈቃድ አያስፈልገውም።

ችግሩ የሚመጣው ቀለም የለውም የሚለው አነጋገር ዝምታን ለማዘዝ ሲውል ነው። አድናቂው የሸክላውን ቁጥር፣ የታተመበትን ዓመት፣ የማሽኑን ሞዴል በቃሉ ይይዛል፤ ከበርውድ ግንብ ወይም ከ1974ቱ ፍርድ ጋር የሚያያይዝ ጥቁር አድማጭ ሲነሳ ግን ፖለቲካ አታምጣብን ይለዋል። የሸክላው ታትሞ መውጣት ዕውቀት፣ ሸክላው የወጣበት ምክንያት ግን ፖለቲካ ሊሆን አይችልም። አንድም ሁለቱም ዕውቀት ናቸው፣ አንድም ሁለቱም አይደሉም።

በተቃራኒው ወገንም ስሕተት አለ። የጥቁርን ሙዚቀኛ ጥብቅና የቆመ ነጭ አድናቂ አንዳንዴ ከሙዚቀኛው በላይ ባለጉዳይ ይሆናል። እውነተኛ ቴክኖ ይህ ነው፣ ያ አይደለም እያለ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ዲትሮይት ሁልጊዜ ፍርስራሽ፣ ሙዚቃዋም ሁልጊዜ የ1988ቱ እንዲሆን ይፈልጋል። ፍቅር ሲበዛ ባለቤትነት ይመስለዋል።

እኔ የምለው የሚከተለውን ነው። በብዙ አገሮች የደራሲ መብት የኢኮኖሚና የሞራል ተብሎ ይከፈላል። የሞራል መብት ዋናው ነገር በሥራ ላይ ስም የመጠራት መብት ነው። የእኛም የቅጂና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በእኛ አቆጣጠር) ሁለቱን ለይቶ ደንግጓል። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ግን ይህን መብት የሰጠው በ1990 በወጣ ድንጋጌ ለሥዕልና ለቅርጻ ቅርጽ ባለሙያዎች ነው፤ ለሙዚቀኞች አልሰጠም። እንግዲህ ሕጉ ስም እንዲጠራ በማያስገድድበት ቦታ ስም የሚጠራው ማን ነው? አድናቂው ነው። ያ ሁሉ የሸክላ ቁጥርና የዓመት ቆጠራ፣ ለውጭ ሰው እብደት የሚመስለው ጉጉት፣ ከዚህ አንጻር ሲታይ የመዝገብ ቤት ሥራ ነው። አድናቂው ባለቤት ሳይሆን ባለአደራ ነው። ባለአደራ ደግሞ የተረከበውን ከፍሎ አያስቀምጥም፤ ድምፁን ይዞ ታሪኩን ሊጥል አይችልም።

ከእኛ ጋር የሚያገናኘው

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። አትኪንስ ሜትሮፕሌክስን ባቋቋመበት በ1985 የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አጣምሮ ካሴት አስቀረጸ። ኃይሉ በኋላ ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዳ ኖረ። አንድ አሜሪካዊ የካሴት አድናቂ ያንን ሥራ ባሕር ዳር አግኝቶ፣ ባለቤቱን አፈላልጎ፣ ተስማምቶ በ2013 እንደገና አሳተመው፤ አርቲስቱም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። አድናቂ ባለቤቱን ሲፈልግ ምን እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሚካኤል ሰይፉንና እንደገና ሙሉን የመሳሰሉ ወጣቶች የማሲንቆንና የክራርን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክስ ጋር አዋሕደው ሥራቸውን ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ ብለው ሰይመውታል። ስሙን ራሳቸው ማውጣታቸው ትልቅ ነገር ነው። ዲትሮይት ያስተማረችው ስም ያወጣ ሰው ባለቤትነቱን ለማስረዳት አንድ እርምጃ እንደሚቀድም ነው።

በመዝገብ ላይ የሰፈረው

የጀርመን ተቋማት የሙዚቃውን ዋጋ አውቀውታል። በ2016 የበርሊንና የብራንደንቡርግ የግብር ፍርድ ቤት የቤርግሃይን የጭፈራ ምሽቶች እንደ ኮንሰርት ተቆጥረው በ19 በመቶ ፈንታ የ7 በመቶ ቀረጥ እንዲከፍሉ ወሰነ። በመጋቢት 2024 የበርሊን የቴክኖ ባህል በጀርመን ብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። በርሊን ለሙዚቃው ያደረገችውን ማንም አይክድም፤ ክብሩ ይገባታል።

ዲትሮይትም የራሷ መታሰቢያ አላት። በ2000 ካርል ክሬግ በጥበብ ዳይሬክተርነት የመራው የመጀመሪያው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፌስቲቫል በሃርት ፕላዛ በነፃ ተካሄደ፤ በዓመቱ አዘጋጆቹ ክሬግን ሲያሰናብቱት አድናቂዎች ከጎኑ ቆሙ። በኢስት ግራንድ ቡልቫርድ 3000 ቁጥር ላይም አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ ያቋቋመው አነስተኛ የቴክኖ ሙዚየም አለ። መንግሥት ያቆመው አይደለም፤ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው የሰበሰቡት ነው።

የሁለቱ ከተሞች ልዩነት የፍቅር መጠን አይደለም። አንደኛው ፍቅሩን በመንግሥት መዝገብ አጽንቷል፤ ሌላው በራሱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ነገ ከነገ ወዲያ መዝገቡን ብቻ የሚያነብ ትውልድ ሲመጣ ቴክኖ የማን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ዳኛ ወይም ሕግ አውጪ ላይሆን ይችላል። ከሸክላው ጀርባ ያለውን ስም አንብቦ ለጎረቤቱ የሚናገር ተራ አድማጭ ከሆነ ይበቃል።